ከበር ጀርባ የነበረው ሻንጣ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል? ወገብሽስ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይንሽ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እንደ ድሮዬም ብዙ አወራለሁ። «ከስተሻል አሉ» እንዳትዪኝ ብዬ ነው አስቀድሜ የምናገረው።

ደብዳቤሽ የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ ዕለት ደረሰኝ። ፖስታውን ከፍቼ የእህቴን የእጅ ጽሑፍ ሳይ ልቤ ስንጥቅ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንቺን፣ ከመስመር እየወረዱ የሚሄዱትን ፊደሎች ለምጄ አሁን ይሄ እንደ ተማሪ ደብተር የተስተካከለ ጽሑፍ ምንድን ነው አልኩ። ስለ ዓይንሽ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ትንሽ ደከም ብሎኛል» ይላል። እማዬ፣ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ «ትንሽ» ስትዪ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? አንድ ቃል ንገሪኝ» ብለሻል። ቃሉን እነግርሻለሁ፤ ብቻ እዚያ የሚያደርሰኝ መንገድ ዞር ዞር ስለሚል ታገሺኝ። አንቺም የምታነቢላት እህቴ፣ የሚያስደነግጠውን እየዘለልሽ እንዳታነቢላት። አመልሽን አውቀዋለሁ።

ያለሁበትን ከተማ ከዚህ በፊትም ጽፌልሻለሁ። ቤቶቹ ኮረብታው ላይ አንዱ የሌላውን ትከሻ ረግጦ የቆመ ነው የሚመስሉት፤ የኛ ጓሮ የሚያልቀው የዳቦ ጋጋሪው ጣሪያ ላይ ነው። ከላያችን ጫካ፣ ከታችን ለሁለት መኪና የማይበቃ አንድ መንገድ። በጋ ላይ ጫካው ሲደርቅ አንድ ሰው በቸልታ የጣለው ሲጋራ ይበቃል፤ ነፋስ ካገዘው ሰደድ እሳቱ ኮረብታውን ለመውረድ የሻይ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም ይላሉ። ለዚህ ነው እዚህ ሰው ሰላም ሲልሽ ካንቺ ቀድሞ ነፋሱን የሚጠይቀው። «ነፋሱ እንዴት አደረ? እናንተስ እንደምን አደራችሁ?» ይባላል። መጀመሪያ ሲሉኝ ነፋስ የሚባል ልጅ ያላቸው መስሎኝ «ደህና ነው ወይ ልጁ?» ብዬ መሳቂያ ሆኛለሁ።

የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሥራው ውሃ፣ ጭንቀቱ እሳት። ከቤት ቤት እየዞረ አሸንዳ ላይ የተከማቸ ቅጠል ያስጠርጋል፣ የደረቀ ሣር ያሳጭዳል፣ ግድግዳ ተደግፎ የተደረደረ ማገዶ ያስነሣል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ከበር ጀርባ አንድ ሻንጣ እንዲያስቀምጥ ይጨቀጭቃል፤ መድኃኒት፣ የቤት ካርታ፣ መታወቂያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ የያዘ ሻንጣ፣ ጥሪው ሲመጣ አንስቶ ለመውጣት። ከሰላምታ በፊት «ሻንጣችሁ የታለ?» ስለሚል አቶ ሻንጣ ብለን ስም አወጣንለት። በመሰብሰቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልልቁ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ጽፎ ሰቅሏል። እኔ የምንከባከባቸው ጡረተኛ አስተማሪ፣ ሁሉም እትዬ መምህር የሚላቸው፣ ያንን አንብበው «ልጄ፣ እዚህ ኮረብታ ላይ መጀመሪያ የሚቃጠለው ራሱ ቅጠሉ ነው» አሉትና ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ብቻ አልሳቀም።

ዝርዝርም አለው። ከእያንዳንዱ አቅመ ደካማ ስም አጠገብ ደግፎ የሚያወርደው ሰው ተጽፏል። ከእትዬ መምህር ስም አጠገብ ያለሁት እኔ ነኝ። ዳቦ ጋጋሪው ዝርዝሩን ባየ ቁጥር «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔ ግን ያንን ተረት አልወደውም፣ ያንቺ ሩቅ ዘመድ እኔው ነኛ።

አሁን እስከ ዛሬ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። እዚህ ቤት የገባሁ ሰሞን እትዬ መምህር ሁለት ቡናማ ሻንጣ ሰጡኝ። ከእህታቸው ጋር ለመጓዝ አስበው ጥንድ አድርገው የገዟቸው ናቸው፤ ጉዞው ሳይሆን ቀረ፣ እህታቸውም አረፉ። አንዱን ኋላ እንደ ታዘዝነው ከበር ጀርባ አቆምነው። ሌላውን ግን እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልጋዬ ሥር አድርጌ ለናንተ የማመጣውን ማጠራቀም ጀምሬ ነበር። ሲሞላ እሄዳለሁ አልኩ። ስድስት ዓመት ተለይቶ በባዶ እጅ እንዴት ተብሎ ደጅ ይረገጣል? ላንቺ ጥቁር ቀይ የሱፍ ሹራብ፣ ደግሞም ሰፊ ጃንጥላ። ለአባዬ ኮፍያ። ለእህቴ ልጅ፣ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ከመዳፌ የማትበልጥ ጫማ። እማዬ፣ ሻንጣ አይሞላም። ሊሞላ ሲል አንድ ሰው ትዝ ይልሻል፣ የሱ ነገር ይጎድላል፣ ክረምቱ ይገባል፣ ዓመቱ ይዞራል። «ሥራ በዝቶብኝ» እያልኩ የጻፍኩልሽ ግማሹ ውሸት ነው። እንዲህ እያልኩ የልጅቷ እግር አድጎ ጫማውን ጥሎት ሄደ። አባዬም እኔን ሳይጠብቅ ሄደ። ኮፍያውን ግን ከሻንጣው አላወጣሁትም። ካወጣሁት ያን ጊዜ በእርግጥ የሚሞት መሰለኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ያንን ሻንጣ ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ሹራብሽን አውጥቼ አሸተትኩት፤ እንዴት ያንቺን ሽታ ይሸታል፣ ለብሰሽው አታውቂ። መልሼ አጥፌ ከተትኩ። በዚያው የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ሣር እንድናጭድ በአጥር ጠራችኝ፣ እኔም ሻንጣውን እንዳያደናቅፈኝ ብዬ ከበር ጀርባ ካለው ከመንታው አጠገብ አቁሜው ወጣሁ። የሠራሁት ስህተት ይህ ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ነፋሱ ዞረ። ሰማዩ ዝገት መሰለ፣ ፀሐይዋን በባዶ ዓይን ማየት ይቻል ነበር። ከዚያ የአቶ ሻንጣ ድምፅ ማጉያ ከላይኛው መንደር ተሰማ፤ ውጡ፣ አሁኑኑ ውጡ ይላል። በአንድ እጄ እትዬ መምህርን፣ በሌላው ሻንጣውን ይዤ ወጣሁ። ጭሱ እንደ በርበሬ ዓይን ያቃጥላል። እሳቸው ምርኩዛቸውን እየተከሉ ደረጃውን አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቆጥራሉ፤ ኋላ ስጠይቃቸው «እንዳትፈሪ ብዬ ነው» አሉኝ። ዳቦ ጋጋሪው በዳቦ ማመላለሻው መኪና፣ ዳቦው ገና ሳይራገፍ፣ ስምንት ሰው ጭኖ ታች ትምህርት ቤቱ አዳራሽ አደረሰን። ፈጣሪ ይመስገን፣ ከመንደሩ ሰው አንድም አልጠፋም።

አዳራሹ ውስጥ የእትዬ መምህር የመድኃኒት ሰዓት ደረሰ። ሻንጣውን መሬት ላይ አስተኝቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ እጄ ላይ የወጣው ጃንጥላ ነው። ዝናብ ካየን አምስት ወር ሆኖን፣ ከእሳት ያዳንኩት ጃንጥላ! አጠገባችን የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከደነገጥን ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። እኔ ግን አፌን በእጄ ያዝኩ። መድኃኒቱ፣ ካርታው፣ መታወቂያው፣ ሁሉም ከመንታው ጋር እዚያው ቀርቷል። ደግነቱ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት የራሷን ሻንጣ በመድኃኒት ሞልታ ስለወጣች ከሷ ተገኘ። እትዬ መምህር ክኒናቸውን ውጠው ጃንጥላውን፣ ሹራቡን፣ ኮፍያውን፣ ያችን ትንሽ ጫማ አንድ በአንድ አዩ።

«የማን ነው ይሄ?» አሉኝ።

«የናቴ» አልኳቸው። ስንት ዓመት ሳጠራቅም እንደኖርኩ፣ ሳይሞላ ላለመሄድ እንደማልኩም ነገርኳቸው።

«እናትሽ የጠየቀችሽ ሻንጣ ነው?» አሉኝ።

አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸውና የሚጠይቁት መልሱን እያወቁት ነው።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የአዳራሹ ሲሚንቶ ቀዘቀዘ፣ እሳቸውም መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሹራብሽን አለበስኳቸው፣ በዚያው የሳቸው ሆኖ ቀረ። እንዳትቀየሚኝ። ካንቺ አጠር ስለሚሉ እጅጌው ረዘመባቸው። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፣ ጥቁር ቀይ ሹራብ፣ ጎበጥ ያለ ትከሻ፣ ሽበት። አንቺን አየሁ። ውሃውን አስቀምጬ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ቆሜ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ናፍቆት ናፍቆት የምንለው ነገር ይህን ያህል አካል እንዳለው አላውቅም ነበር። የእህቴን ልጅ ጫማ ደግሞ በባዶ እግሯ ታዝላ ለመጣች ለአንዲት ሕፃን አደረግንላት፤ ልክክ አለላት። አድርጋው ወለሉ ላይ ዱብ ዱብ ስትል አንድ ሰው እንኳ በስድስት ዓመቱ ሻንጣ ደስ አለው አልኩ።

አቶ ሻንጣ ከሁሉም ኋላ ጥላሸት ለብሶ ገባ። ዝርዝሩን ይዞ ስም ጠራ፤ ሁሉም «አለሁ» አለ። ከዚያ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት እንደ ቀልድ «ያንተስ ሻንጣ የታለ?» አለችው። ለካስ ድምፅ ማጉያውን ይዞ የሰው በር ሲያንኳኳ የራሱን ቤት ሳይደርስበት ቀርቷል። ከላይኛው ረድፍ የተቃጠሉት ሦስት ቤቶች ናቸው፣ አንዱ የሱ ነው። የኛን ሣር ሲያሳጭድ የራሱ ጓሮ ሣር ጉልበት ደርሶ ነበር። ዐመድ አፋሽ ማለት እንዲህ ነው። የኛ ቤት ግን ተርፏል፤ እሳቱ እኛ ጠዋት ያጨድንበት ድረስ መጥቶ የሚበላው ሲያጣ ቆመ፣ ያኛው ሻንጣም ከበሩ ጀርባ እንደ ቆመ አገኘነው። የዚያን ዕለት አቶ ሻንጣ ራሱ ላይ ምንም አላደረገም ነበር፣ ጠጉሩ ዳር ዳሩን ተለብልቧል። የአባዬን ኮፍያ አውጥቼ ሰጠሁት። አባዬ ቢኖር ከራሱ አውልቆ ይሰጠው እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ተራ ገብቶ ቤቱን እየሠራለት ነው፣ እሱም ያንን ኮፍያ አድርጎ ጣሪያ ላይ ይውላል። ከሩቅ ሳየው አንዳንዴ እደነግጣለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ደስ ይለኛል። አባዬ መሞቱን አሁን አመንኩ፣ እማዬ።

ግድግዳው ላይ ያ የተሳቀበት ጽሑፍ ለኔም ነበር። የአባዬን ጊዜ አቃጥዬዋለሁ። ያንቺን አላቃጥለውም። እትዬ መምህር ባለፈው ስብሰባ ዝርዝሩን አስመጥተው፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከስሜ አጠገብ «እስከ መጀመሪያው ዝናብ ብቻ» ብለው ጻፉበት። ከሥሩ የዳቦ ጋጋሪውን ሚስትና የመድኃኒት ቤቷን ባለቤት በተራ እንዲይዟቸው አስገቡ። እኔን አላማከሩኝም። ጫካው እስኪረጥብ ጥያቸው ብሄድ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ያውቃሉ፤ ከረጠበ በኋላ ብቆይም እሳቸውን እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ነገሩኝ።

እንግዲህ አንድ ቃል ብለሽኛል። እመጣለሁ። ዝናቡ ሲጥል እመጣለሁ። ሻንጣ የለም፤ የቀረኝ ማንም ያልፈለገው ያ ጃንጥላ ብቻ ነው። አንዱ እጄ እሱን ይይዛል፣ ሌላው ባዶ ነው። ዓይንሽ ባይለየኝ እንኳ ባዶውን እጄን ያዢው፤ የማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ለእህቴ፣ ይህን እያነበብሽ ድምፅሽ ከተንቀጠቀጠ ጉንፋን ነው በይያት፤ እወድሻለሁ። ለባሏ፣ ለዚያ ሲስቅ ጎረቤት ለሚቀሰቅሰው፣ ሰላም በይልኝ። ለአክስቴ ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የተቀየመችኝ እንደሆነ መጥቼ ትቆጣኝ። ለልጅቷ፣ የእግርሽን ልክ አትላኪልኝ፣ መጥቼ በመዳፌ እለካዋለሁ በሏት። አንቺን ግን አልሰናበትሽም፣ ደጁን ብቻ አትቆልፊው።

ልጅሽ

ከኮረብታው ላይ፣ ከእትዬ መምህር ቤት
መጋቢት ፲፱ ቀን