ከፈርስት ቤዝ ጀርባ ያለው ወንበርህ

ኃይልዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። በበረዶ ሸኘንህ፤ አሁን ደግሞ የስካርቦሮ ሙቀት ቤት አላስቀምጥ ብሎናል። እንደምን አለህ ብልህ መልሱን ከማን እሰማለሁ? ይልቅ የእኛን ልንገርህ። አንባቢዎቼም አብረው ይስሙ፤ በዚህ ዓምድ የሰውን ጓዳ ስዘረግፍ ኖሬ የራሴን ብደብቅ አያምርብኝም።

መኪናህን ሰላም ትነዳዋለች። ልጅህ እንዳንተው ናት፤ ከኋላዋ ጥሩምባ ቢነፉባትም ግድ የላት። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤታችን አገባች፤ ማንን እንዳገባች ብነግርህ ትስቅ ነበር። እሱ ይቆየን። የሚያስጨንቀኝ ናሆም ነው።

ልጃችን አሁንም በቤዝቦል ቡድኑ ሪሊፍ ፒቸር ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የደከመውን ወርዋሪ ተክቶ ይገባል። ውርወራውን ተጋጣሚዎቹም ይመሰክሩለታል። ችግሩ ኳሷ በዱላ ተመትታ ወደ እሱ ስትመለስ ነው። አንስቶ ፈርስት ቤዝ በሚሉት የሜዳው ጥግ ለቆመው ጓደኛው ማቀበል አለበት፤ እዚያ ላይ ይስታል። አሰልጣኙ ቁጥሩን አሳይቶታል። ቡድኑን ከተቀላቀለ ጀምሮ ኳስ እያነሳ ሳይስት ያቀበለው ሁሉ ተደምሮ ሲሰላ ከሊጉ አማካይ በታች ወርዷል። ነገ ከኢቶቢኮ ጋር ይጫወታሉ። ከዚያ በኋላ ለመጪው ዓመት ቡድኑ ውስጥ የሚቀሩት ይለያሉ። ይኸው እህል አልወርድ ብሎኛል።

አንተ ብትኖር ታስረዳኝ ነበር። ሰላምን ጠየቅኳት። ሪሊፍ ፒቸር ሜዳ ላይ ብዙ ስለማይቆይ የሚደርሰው ኳስም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አንዲት ስህተት ቁጥሩን ታበላሸዋለች አለችኝ። ገባኝ። በትልቅ ድስት ጨው ቢበዛ ይቻላል፤ በጭልፋ ላይ ግን አይቻልም። ታዲያ አምናና ካቻምናስ ጭልፋው ያው አልነበር? ያኔ እኮ ከአማካዩ በላይ ነበር። ይህን ስላት ልጅቱ ወሬ ልትቀይርብኝ ሞከረች። አጥብቄ ስይዛት በዚያ በተደባለቀ አማርኛዋ አወጣችው፦ ማሚ፣ ዶንት ጌት ማድ፣ ፈርስት ቤዝ ጋ ሲያይ አንቺን ነው የሚያየው አለችኝ።

አንተ ሁልጊዜ ከፈርስት ቤዝ ጀርባ ትቀመጥ ነበር፤ ልጁ ኳስ ባነሳ ቁጥር ባርኔጣህን ከፍ እያደረግክ። ወንበርህ ባዶ እንዳይሆንበት ብዬ ዘንድሮ እኔ ተቀመጥኩበት። ያ ሁሉ ሰው በቁምጣና በቲሸርት፣ እኔ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሼ፣ ጥቁር ነጠላዬን ተከናንቤ። ልጁ ኳሷን ይዞ ቀና ሲል የአባቱ ሐዘን ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ከዚያ ተነሽልኝ አይለኝ ነገር፤ ይሉኝታውን ካንተ ነው የወረሰው።

የእድራችንን ሰብሳቢ እትዬ ሸዋዬን አማከርኳቸው። ጥቁሩን ለጨዋታው ብቻ ላውልቀው ይሆን ብዬ ነው። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ አንቺ ልጅ፣ ሐዘን የፋብሪካ ዩኒፎርም ነው እንዴ ሺፍት ሲያልቅ የሚወልቅ? አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ደግሞም አፈርኩ። እውነታቸውን ነው፤ ዓመትህ ሳይሞላ አላወልቀውም። ቤት መቅረትም ሞክሬ ነበር። ልጁ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ሰላምን ኮል አድርጎ፣ ማሚ ምን ሆና ነው እያለ ሲጨነቅ ዋለ።

ስለዚህ ነገ ከወዲያኛው ጎን፣ ከፈርስት ቤዝ ትይዩ ካለው ከሰርድ ቤዝ ጀርባ እቀመጣለሁ፤ ለፈርስት ቤዝ ሲወረውር ጀርባውን በሚሰጠኝ በኩል። ወንበርህ ባዶ ይሆናል። የሚያውቁን ያዩታል፤ ዓመቱ እንኳ ሳይሞላ ትታው ሄደች የሚልም አይጠፋም። ይበሉ። ቁጥሩ ይነሳ አይነሳ አላውቅም።

ኳሷ ወደ እሱ በተመለሰች ቁጥር እኔ ዓይኔን ወንበርህ ላይ እጥላለሁ። አንተም አትቀየመው፣ ኃይልዬ። ኳሷ ከእጁ እስክትወጣ ድረስ ልጁ ይርሳህ፤ ማስታወሱን ለእኔ ተውልኝ።