ከለማጆቹ ሜዳ ዳር የቆመው ሰው

እሑድ፣ ግንቦት 4 ቀን 1955 ዓ.ም.

ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መኪና ለማጆቹ ሜዳ ሄድኩ። ከኮተቤ ወዲያ፣ መሪ ከመድረሱ በፊት ያለው ሣር ሜዳ ነው። የሚያስተምረኝ ዓለሙ አራት በርሜል አቁሞ፣ በመካከላቸው ወደ ኋላ ይግቡ ይለኛል። ሁለቱን ገጨሁ። ሳቀ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ነው የሚለቁት አለኝ። አስፋልት ላይ ገና አያወጣኝም። ከተማው ለአፍሪካ መሪዎች ስብሰባ ሽር ጉድ እያለ ስለሆነ ፖሊሱ በየመንገዱ ነው።

መንጃ ፈቃዱን ካገኘሁ ከሐምሌ ጀምሮ ተዘዋዋሪ ተቆጣጣሪ እሆናለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ፊያትም በእጄ ትሆናለች። ሮማነወርቅ ከአሁኑ "ባሌ መኪና ሊይዝ ነው" እያለች ለጎረቤት ታወራለች።

ከሜዳው ዳር የሚያርስ ገበሬ አለ፤ ነገሳ ይባላል። ከብቶቹን የሚያግደው እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር አሉ። አሁን ሣሩን ጎማችን ጨርሶታል። ቂም የያዘ አይመስልም፤ ሲያልፍ እጅ ነሳን። እኩያዬ ሳይሆን አይቀርም፣ ግን እርስዎ ይለኛል።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ዝናብ። አለቃዬ መንጃ ፈቃዱን መቼ ነው የምታገኘው አሉኝ። በሚቀጥለው ወር አልኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 18



ወደ ኋላ እየገባሁ ነበር። ዓለሙ ሲጋራ ሊያጨስ ወርዷል፤ ለማጅን ብቻውን ትቶ መውረድ ክልክል ነው፣ ግን ሁልጊዜ ያደርገዋል። ነገሳ ከእርሻው የድንጋይ ካብ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ የበሬውን ገመድ ይፈታል። አይቼዋለሁ። በመስታወቱ ውስጥ አይቼዋለሁ። ፍሬን የረገጥኩ መሰለኝ። ቤንዚን ነበር። መኪናዋ ተወርውራ እግሩን ከካቡ ጋር አጣበቀችው።

አልጮኸም። በሬው ነው ያገሳው።

መኪናዋን እየገፋን አላቀቅነው። ከመንገድ ሰዎች መጥተው በጭነት መኪና ሆስፒታል ወሰዱት። ፖሊስ ሲደርስ ዓለሙ ቀድሞ ተናገረ። በሬ እያባረረ ድንገት ከኋላችን ገባ አለ። ሃምሳ አለቃው ወደ እኔ ዞረ።

"እንደዚህ ነው?"

"አዎ" አልኩ።

ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ፈረምኩ። የራሴ ፊርማ፣ ቢሮ ላይ የምፈርመው፣ ከነጭራው…

ረቡዕ፣ ግንቦት 21

እግሩ ተቆረጠ። ከጉልበቱ በላይ።

እሑድ፣ ግንቦት 25

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ሰው እንዲያየኝ? ወይስ እሱን ለማየት?

ሚስቱን ሎሚን አገኘኋት። እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ዞር ብሎ እንኳ አያየንም፣ በራሱ ጥፋት ለተጎዳ ሰው እርስዎ መጡልን አለች። እኔ ነኝ ይህን የምሰማው።

ነገሳ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። እርስዎንም አስደነገጥኩ አለኝ። ቀጥሎ እንደዚህ አለ፦

"ድንገት ገባህ አሉኝ። እኔ ምንም ትዝ አይለኝም። በሬው ጎትቶኝ ይሆናል። ፖሊስ ከጻፈው መቼም እውነት ነው።"

አይዞህ አልኩት። ይኸው ነው የወጣኝ። አይዞህ…

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ለሮማነወርቅ ነገርኳት፤ ሁሉንም። "ብትናገር እግሩ ተመልሶ ይበቅላል?" አለችኝ። ልጆች አሉን፣ ዝም በል አለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። እኔስ? የነገርኳት ይህንኑ እንድትለኝ አልነበረም?

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

የሚካኤል ክብረ በዓል። የካ ሚካኤል ድረስ ሄጄ ከቅጥሩ ውጭ ቆምኩ። የንስሐ አባቴ ከሩቅ አይተው በእጃቸው ጠሩኝ። ያላየሁ መስዬ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 27

መንጃ ፈቃድ አገኘሁ።

ፈታኙ እዚያው ሜዳ ነው የፈተነኝ፤ እዚያው በርሜሎች መካከል። ከካቡ ላይ ሁለት ሦስት ድንጋይ ወድቋል፣ የሚያነሳው የለም። እግሬ ፍሬኑን አልሳተም። ያን ዕለት የት ነበር ይህ እግር? ዓለሙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ። ሮማነወርቅ በር ላይ እልል አለች። ጎረቤቱ ወጣ። ፈገግ አልኩላቸው። ፊቴ የሌላ ሰው ፊት መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

በመሥሪያ ቤቱ መኪና በኮተቤ በኩል ሳልፍ የነገሳን ማሳ ሌላ ሰው ሲያርሰው አየሁ። ቆሜ ጠየቅኩ። የባለመሬቱ ወኪል፣ አንድ እግር አያርስም ብሎ ለሌላ ጭሰኛ ሰጥቶታል። አዲሱ ጭሰኛ ራሱ አፍሮ ነው የነገረኝ፤ እኔ ባላርሰው ሌላ ያርሰዋል አለ። ነገሳ አንድም ቃል አልተናገረም አሉ። በራሴ ጥፋት ነው ብሎ ዝም።

መኪናው ውስጥ ተመልሼ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

ሥራ ዋልኩ። በላሁ። ተኛሁ። ሰው እንደዚህ ሆኖም ይኖራል ለካ።

እሑድ፣ ነሐሴ 5

ጤፍ በጆንያ ተሸክሜ፣ መሪ ነገሳ ቤት በእግሬ ሄድኩ። በመኪና ደጃፉ መድረስ አልቻልኩም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።

ሎሚ ደስ ብሏት አስገባችኝ። ነገሳ ቁርበት ላይ ተቀምጧል፤ ምርኩዙ ከግድግዳው ተደግፏል። ቀና ብሎ ሰላም አለኝና አቀረቀረ። ከስቷል። ሎሚ ቀስ ብላ አጫወተችኝ፦ ልጆቹ ሲጠጉት ፊቱን በጋቢ ይሸፍናል። በገዛ ጥፋቴ አስራብኳቸው ይላል። እሷንም ቀና ብሎ አያያትም። እስቲ እርስዎ ይምከሩት፣ የተማሩ ነዎት አለችኝ።

እኔ ልምከረው…

ተነስቼ ቆምኩ።

"ነገሳ፣ አንተ ቆመህ ነበር" አልኩ። "አልገባህም። በሬውም አልጎተተህም። አይቼሃለሁ። ፍሬን መስሎኝ ቤንዚን ረገጥኩ። ለፖሊስ የተናገርነው ውሸት ነው።"

ውጭ ይዘንባል። ሎሚ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች፤ የሰማችውን ማመን አቅቷት። ነገሳ በኦሮምኛ ደገመላት። ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል። ሰምታ ስትጨርስ ተነሳችና ያመጣሁትን ጆንያ እየጎተተች ዝናቡ ላይ አወጣችው። አልተሳደበችም።

ነገሳ ተመለከተኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው።

"ሦስት ወር ሊሞላ ነው" አለ። "ሚስቴን ቀና ብዬ አላየሁም። ልጆቼን ሸሸሁ። አንተ ግን ብርቱካን ይዘህልኝ መጣህ።"

አንተ አለኝ።

ልናገር ስል በእጁ ከለከለኝ። ውጣ አለኝ። ወጣሁ። ጆንያውን አለፍኩት፤ ውሃ ገብቶበታል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ያው ሃምሳ አለቃ ነው። ቃሌን ልለውጥ ነው ስለው አመመዎት እንዴ የሚል ይመስል ነበር። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ሰውዬውም አልከሰሰ፣ ለምን እሳት ውስጥ ይገባሉ አለኝ። ተቀመጥኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሳሁም። በመጨረሻ እያጉረመረመ ጻፈ። መንጃ ፈቃዴንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 20

ከሥራ ታግጃለሁ። ዓለሙ ደጄ መጥቶ፣ የማስተማር ፈቃዱን እንደተቀማ ነገረኝ። ቤቴን አፈረስክ አለኝ፤ እሱም አራት ልጆች አሉት። ሮማነወርቅ ልጆቹን ይዛ እንጦጦ እናቷ ዘንድ ወጥታለች። የነገሳን እግር ልመልስ አልቻልኩ፣ መሬቱን አላስመለስኩ። ታዲያ ምን አደረግኩ? አንድ ቤት ፈርሶ ነበር፤ አሁን ሦስት ሆነ።

ዓርብ፣ መስከረም 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

አዲስ ዓመት ትናንት ነበር። ማንም አልመጣም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

የሾላ ገበያ መንገድ ላይ ሎሚን አየኋት። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ ትወርዳለች፤ ከሸክሙ ብዛት ወገቧ ተጣጥፏል። መንገድ ለቀቅኩላት። አየችኝ፣ አለፈች። ቆሜ ቀረሁ። ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ነገሳ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጦ፣ ነገሩን ዳኛ ፊት እሰማለሁ ብሎ መልሷቸዋል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26፣ ወህኒ ቤት

ዛሬ ሮማነወርቅ ጋቢና ይህን ደብተር አመጣችልኝ። ብዙ አልተነጋገርንም። ልጆቹ ደህና ናቸው አለች። ስትሄድ፣ እሑድ እመጣለሁ አለች።

የተፈረደብኝ ዓርብ ነው። አሥር ወር። ዓለሙ አራት ወር።

ነገሳ በሁለት ምርኩዝ ገባ፤ ሎሚ ከኋላው። ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም። ዳኛው የመጀመሪያውን ቃል፣ እኔ የፈረምኩትን አንብበው፣ ድንገት መንገድ ገብተህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት።

"አልገባሁም" አለ። "ቆሜ ነበር።"

አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ሎሚ ቀና ብላ አየችው፣ እሱም ዞሮ አያት። ያን ሳይ አለቀስኩ፤ ሰው ቢያየኝ ባያየኝ ግድ አልሰጠኝም።

መሬቱ አልተመለሰም። ዳኛው ያ ሌላ ጉዳይ ነው አሉ። ነገሳ አሁን የእንጨት መሸጫ በር ላይ ዘበኛ ነው። ለአራሽ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ መቀመጥ… እሱን ማሰብ አልችልም፣ ግን ሌላ የማስበው የለኝም።

በመጨረሻ ዳኛው፣ ተከሳሹ ይቅርታ ጠይቋል፣ ይቅር ትለዋለህ ወይ አሉት። ምርኩዙን አስተካከለ።

"ሰምቻለሁ" አለ። "ይቅር ማለት ግን ገና አልሆነልኝም።"

ወደ እኔ ሳያይ ወጣ። ልክ ነው።

ገና አልሆነልኝም ነው ያለው። አይሆንልኝም አላለም። ወይስ እኔ ነኝ የሚበጀኝን የሰማሁ? አምስት ቀን ሆነ፣ ቃሉን እያገላበጥኩ።