ቅዱሳን መካከል የገባው ጋዜጣ

ብርዞቭካ፣ በአይሁድ አዳር ወር፣ 1900

በገሊላ ምድር ለሚያርሰው ልጄ ለፌይቪሽ፤

እንደምን አለህልኝ? ወባው ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን፤ አባትህም ያው አባትህ ነው።

በደብዳቤህ «አባቴ ስሜን ያነሳል ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኝ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርህ። ያንን የዕብራይስጥ ጋዜጣ ኪስህ ውስጥ ሸጉጠህ ከሄድክ ወዲህ፣ በሰንበት ኦሪት ፊት ሲጠራና መራቂው ቤተሰቡን በየስማቸው ሊመርቅለት ሲጠይቀው፣ እኔንና እህትህን ጠርቶ ያበቃል። አንተን ይዘልሃል። እኔም ከሴቶቹ ሰገነት ላይ ሆኜ ስምህን በልቤ እጨምራለሁ።

አሁን ደግሞ የሆነውን ስማ። ረቢያችን «ይህ ጽዮን ጽዮን የሚል ጋዜጣ ወጣቱን አበላሸብን» ብለው ከለከሉ። የምኩራቡ አገልጋይ አባትህ አይደል? ከየጎረምሳው እጅ ለቀመው፤ የሕግ መጽሐፋችን ታልሙድ ውስጥ ደብቀው የሚያነቡትን እንኳ አልማረም። ሊያቃጥለው ምድጃውን ሲከፍት ግን አልሆነለትም። ለካ የተጻፈው በቅዱሱ ቋንቋ ነው። የኦሪት ፊደል እንዴት ይቃጠላል? ረቢውም ጢማቸውን እየጎተቱ «በል እንግዲህ፣ ከማይቃጠሉት ያረጁ የጸሎት መጻሕፍት ጋር የምኩራቡ ቆጥ ላይ አስቀምጠው» አሉ።

ይኸውልህ፣ ከነኃጢአቱ ቅዱሳን መካከል ገባ። አሁን ጎረምሳው ሁሉ «አሮጌ መጽሐፍ ላስቀምጥ» እያለ ቆጥ ላይ ነው የሚውለው። ባለፈው ሳምንትማ እዚያው ተሰብስበው ወደ ጽዮን እንመለስ ለሚሉት ለጽዮናውያኑ ጉባኤ መልእክተኛ መርጠው ወረዱ። ባይከለከል ኖሮ ማን ይህን ያህል ያነበው ነበር?

እኔ እንደምታውቀው ያንን ፊደል ለጸሎት እንጂ ለወሬ አላውቀውም። የመድኃኒት ቀማሚው ልጅ ዝላታ ናት «እትዬ ብሉማ፣ የፌይቪሽ ጽሑፍ በጋዜጣው ወጥቷል» ብላ ያነበበችልኝ። ስለ ዘገየባችሁ ዝናብ፣ እግሩን ስላመመው በሬህ የጻፍከውን ሁሉ ሰማሁ። በማግስቱ ቆጡን ልጥረግ ብዬ ወጣሁና ያንን ጋዜጣ ከክምሩ አናት ላይ አደረግሁት። ይህን ለአባትህ እንዳታወጣብኝ፤ አያኖረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ከቆጡ አልወርድ አለ።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«አይጥ አባርራለሁ።»

«አይጥ ለማባረር መነጽር ምን ያደርጋል?»

መነጽሩን ኪሱ ከተተ። እራት ላይ ግን ሾርባውን እያማሰለ «ለመሆኑ በሬ እግሩን ሲያመው ምን ያደርጉለታል?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ዳቦ ጨመርኩለት።

እንግዲህ የጠየቅከኝ ይኸው። ባለፈው ሰንበት ኦሪት ፊት ተጠራ። ምርቃቱ ላይ እኔን ጠራ፤ እህትህን ጠራ። መራቂው እንደ ልማዱ አበቃ ብሎ ሌላ ሰው ሊጠራ ሲል አባትህ ክንዱን ያዘው።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለ። «ልጄ ፌይቪሽም አለ። በአባቶቻችን አገር ያርሳል።»

እኔ የሰገነቱን እንጨት ጨብጬ ረቢውን ብቻ አየሁ፤ አሁን ይቆጡታል ብዬ። ከሰው ሁሉ ቀድመው አሜን ያሉት እሳቸው ናቸው።

የአብርሃም አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ዝናቡን በወቅቱ፣ እንጀራህን በሰላም ይስጥህ።

እናትህ ብሉማ