ጀማልን በቱቦ የመገብሽበት ሰሞን

ሀርሜ፣ ውዷ እናቴ፣

በሞት ከተለየሽን ወዲህ ገብሱ ሁለት ጊዜ ታጭዶ ገብቷል። ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ ለወጥነው፣ ቡሬዋ ላምም ወልዳለች። ሮቤ ከተማ ሞባይል ገብቶ አባባ በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ሲጠራ ግን አያነሱም። ትልቁ ዜና ይኸውልሽ፦ ወንድሜ ጀማል አገባ። ሚስቱ የጊኒር ልጅ ናት፣ ሳቂታ።

ኒካው ሲታሰር የኔ ሐሳብ ጎባ ሐኪም ቤት ነበር። ጀማል ከፈረስ ወድቆ ራሱን ስቶ የተኛ ጊዜ፣ ሊጠይቁ የመጡት ዘመዶች ፊታቸውን እያዞሩ ያለቅሱ ነበር። አጎቴ “አታድክሙት፣ ለአላህ ተዉት” አለ። ግሉኮሱ ብቻ ይንጠባጠባል፤ የልጅሽ ጉንጭ በየቀኑ ይጎደጉዳል።

ያኔ ነርሷ ሲስተር አስቴር መጥታ አጠገብሽ ተቀመጠች። “እናቴ፣ ግሉኮስ ብቻውን ሰው አያቆምም። ቁስሉ እንዲድን ሰውነቱ ምግብ ይፈልጋል። በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ወደ ሆዱ እናስገባለን” አለችሽ።

“ልጄ በአፍንጫው ሊበላ ነው?” አልሽ። የጀማልን ጉንጭ ዳሰስሽና “እሺ፣ አሳዪኝ” አልሻት።

ወተቱን አፍልተሽ፣ የገብስ አጥሚቱን በንጹሕ ጨርቅ አጥልለሽ ታቀርቢ ነበር። እሷ ቱቦው ከቦታው አለመንሸራተቱን አይታ ራሱን በትራስ ከፍ ታደርጋለች፤ አንቺ ቢስሚላህ ብለሽ ታንቆረቁሪያለሽ። ስትቸኩዪ “ቀስ በይ፣ ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል” ትልሻለች። አይሰማም ቢሉሽም ስለ ላሞቹ ታወሪለት ነበር።

ጉንጩ ቀስ በቀስ ሞላ። አንድ ጁምዓ ዓይኑን ገለጠ። መዋጥ ችሎ ቱቦው የወጣለት ቀን መጀመሪያ ያለው “ጨጨብሳ የለም?” ነበር። አንቺ ሳቅሽ፣ ሲስተር አስቴር ሳቀች፣ ጎን ያሉት በሽተኞችም ሳቁ። አጎቴ ከገሰራ አንድ ቅል ቅቤ ይዞ መጣ። ቅሉን አጠገብሽ አስቀመጠ፤ አንቺም ተቀብለሽ መቀመጫ ለቀቅሽለት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ታመመ ሲሉሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው “ምን ቀመሰ?” ብለሽ ነበር። አሁን ጥያቄው የኔ ሆኗል። ጎረቤታችን አደ ፋጡማ ሕመም ጠንቶባቸው ጎባ ሐኪም ቤት ሲተኙ፣ ልጃቸው ሐኪሙን ለመጠየቅ አፍራ ነበር። አብሬያት ገብቼ “ምግባቸውስ?” አልኩ። ሐኪሙ የሚሆናቸውን ነገረን፤ እየተጋገዝን አበላናቸው።

ትናንት አደ ፋጡማን ሮቤ ገበያ አየኋቸው። የሽንኩርት ዋጋ በዛብኝ ብለው ነጋዴውን መቆሚያ አሳጥተውታል። ድምፃቸው ከወዲያ ማዶ ይሰማል። ቆሜ ሳቅሁ፣ ስምሽንም ጠራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የማስታውስሽ እንዲህ ነው፣ ሀርሜ፤ ድኖ የቆመ ሰው ባየሁ ቁጥር።

ልጅሽ ዘይነባ