የ«ንጋት ኮከብ» ባትሪ እያደረ ባዶ ስለሚሆንበት ምክንያት

ኢትዮጵያ ትቅደም

የካቲት 11 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለጓድ ሥራ አስኪያጅ
የሐይቅ ማመላለሻ ጀልባዎች ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በሐሰት የተመሰከረብኝ አሻጥር ተጣርቶ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች ሙሀመድሰዒድ ሙሔ የጽሕፈት ቤቱ የሞተርና የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ጥር ጀልባችን «ንጋት ኮከብ» ባትሪዋ እንደ ልማዱ ባዶ ሆኖ ስላደረ፣ ጧት ከሌላ ጀልባ ባትሪ ተውሰው አስነሥተዋትና መልሰውት፣ ለደቅ ደሴት ኅብረት ሱቅ ስኳርና ጨው ጭና ስትሄድ የዓሣ መረብ ከሥሯ ተጠመጠመባት። መረቡን ለመፍታት ሞተሩ ጠፋ፤ ሊያስነሡት ሲሉ የራሷ ባትሪ ገና አልሞላም፣ ባዶ ነው። ነፋስ ከቋጥኝ አላተማት፤ ሰው ባይጎዳም ስኳሩ ሟሟ። የጀልባዋ ካፒቴን ወልደ ሐዋርያት አለበል «ባትሪው እንዳይሞላ ሆን ብሎ የሚያበላሸው ሙሀመድሰዒድ ነው» ብለው በሠራተኛው ፊት ቃል ሰጡ። ታገድሁ። ጉዳዬም ለአብዮት ጥበቃ ሊተላለፍ ነው ተብያለሁ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚጠብቀው ለእርስዎ አልነግርዎትም።

2. ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ያልፈተሽሁት ነገር የለም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ እንደሆን ብዬ ቀየርሁት። የዲናሞውን ካርቦን አውጥቼ ጠርጌ መለስሁ። የባትሪውን ራሶች በሙቅ ውሃ አጠብሁ፣ የጎደለውን የተጣራ ውሃ ሞላሁ። ባትሪውንም ጠርጥሬ በሌላ ለወጥሁት፤ ያም እንደዚያው ሆነ። ማታ ጀልባዋ ስትገባ ሙሉ ነው፣ ጧት ባዶ። ዲናሞው የማይሞላ ቢሆን እኮ ማታም ባዶ በሆነ ነበር። እንግዲያስ የሚጠጣው ሽቦ አለ ብዬ ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በረበርሁ። ምንም አላገኘሁም።

3. ካፒቴኑ ወገባቸውን ሊታጠቡ ከነቤተሰባቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ በሄዱበት ሳምንት ሞተሩ በየጧቱ በአንድ ንክኪ ተነሣ። እኔም አዲሱ ቺንጋ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሳቸው በተመለሱ ማግስት ደግሞ ሞተ። «እጅህ ከብዶናል» አሉኝ፣ እየሳቁ።

4. ካፒቴኑ የሚኖሩት ከወደቡ አጥር ጎን ቀበሌ በሰጣቸው ቤት ነው። ከተማው ከጢስ ዓባይ መብራት እየጠጣ የእሳቸው ቤት ቆጣሪ አልገባለትም፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው። በኅዳር አምፖል በራላቸው። ቆጣሪ የገባ መስሎኝ፣ ራት ጋብዘውኝ ከዚያ አምፖል በታች ሽሮ በልቼ፣ «ቤታችሁን ብርሃን አይለየው» ብዬ መርቄ ወጣሁ። ከታገድሁ በኋላ አንድ ምሽት የከተማው መብራት በሙሉ ጠፋ። ወደቡ ጨለመ፣ ቀበሌው ጨለመ። የካፒቴኑ ቤት ብቻ ይበራል። በማግስቱ ከግድግዳቸው ጀምሬ ብከተለው፣ በሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ የተሸሸገ ሽቦ ጀልባዋ ከምትታሰርበት ግንድ ሥር አደረሰኝ። ሲመሽ ከባትሪው ላይ ያስሩታል፣ ጧት እኔ ሳልደርስ ይፈቱታል። ዛሬም እኔ ታግጄ ቤቴ ተቀምጬ ባትሪው ጧት ባዶ ነው። አሻጥረኛው እኔ ከሆንሁ እኔ በሌለሁበት ምን ገደለው?

5. እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ያጥረኛልና ይቅርታ ይደረግልኝ። ልጄ ሸምሲያ ስትወለድ እናቷ ሰዓዲያ ታማ ጡቷ ደርቆ ነበር። ከልጃቸው ጋር ያጠቡልኝ የካፒቴኑ ባለቤት ወይዘሮ የብርጓል ናቸው። እኛ ዘንድ ጡት ዝምድና ነው፤ ሸምሲያ እሳቸውን እማማ፣ ካፒቴኑንም አባባ ትላለች። አምፖል ቸገረኝ ቢሉኝ አንድ አሮጌ ባትሪ ጠግኜ በየጊዜው እሞላላቸው ነበር። አልነገሩኝም። ዲናሞ ስሸከም፣ አሲድ እጄን ሲበላኝ፣ ምክንያቱን እያወቁ አጠገቤ ቆመው አይዞህ አሉኝ። ስኳሩ ሲሟሟ ደግሞ እኔን አሳልፈው ሰጡ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ተቃጥያለሁ፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ። አንቱ ማለቴን ግን እስካሁን አልተውሁም።

6. ስለዚህ ሽቦው በሠራተኛ ፊት ተፈትቶ ጀልባዋ በዘብ ተጠብቃ እንድታድር እጠይቃለሁ። ጧት ሞተሩ ከተነሣ እገዳው ይነሣልኝ። አሻጥረኛ የሚለው ቃል ከእኔ ስም ወደ እሳቸው ስም እንዲዛወር አልለምንም፤ ለጠላቴም አልመኘው። የሰጡትን ቃል በሰጡበት ሠራተኛ ፊት በገዛ አፋቸው ይመልሱት፤ ይበቃኛል።

7. ለቤታቸው ቆጣሪ እንዲገባ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ እንዲጽፍላቸውም አመለክታለሁ። ልጄን ያጠቡ እናት በጨለማ እንዲያድሩ አልፈልግም። የመረቅሁትን ምርቃት አላነሣም። ከዚያ አምፖል በታች ግን ዳግመኛ አልቀመጥም።

ፍርድዎን ደጅ እየጠናሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሙሀመድሰዒድ ሙሔ