በምሰማበት በኩል

የሆዴ ልጅ፣ ያለሽበት አገር ይመችሽ፤ እንደወጣሽ በሰላም መልሶ ያግባሽ። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ ቆርቆሮውን ስለቀየረው ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል። የጉልበቴን ነገር ተይው፣ ያው ነው። አንቺ ግን በደንብ ብዪ፤ ፎቶው ላይ አንገትሽ ቀጥኖ አየሁት።

የላክሽውን ልብወለድ ወንድምሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። ቋንቋሽ ያምራል። ፍቅረኞቹን ግን አላመንኳቸውም፤ አትቀየሚኝ። ሰውየው በየገጹ «ያላንቺ እሞታለሁ» ይላታል። የቱ ጋ እንደሚያማት ግን አያውቅም።

ከአባትሽ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም። የፋብሪካው ማሽን ቀኝ ጆሮዬን ካደነቆረብኝ ወዲህ ግን መንገድ ስንወጣ ሁልጊዜ በግራዬ ነበር የሚሄደው። ሲነጫነጭብኝ እንኳ በግራ ዞሮ መጥቶ ነው። «ሰማሽ?» ይለኛል፤ ሰምቼ ዝም እለዋለሁ። ተኳርፈን፣ አንድ ቃል ሳንነጋገር ገበያ ስንወርድም ያው በግራዬ ነው። የሚነግረኝ ነገር ሳይኖረው።

ከቀበርነው ወዲህ ወንድምሽ ደግፎ ሊወስደኝ ሲመጣ በግራዬ ይገባል። «በቀኝ ሁንልኝ» እለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሙሉ የሚያወራኝን አልሰማውም። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ይቺን ደብዳቤ በገዛ እጄ የጻፍኳትም ለዚሁ ነው፤ አንቺም አትንገሪው።

እንግዲህ ልጄ፣ ካላስቸገርኩሽ ያንን ሰውዬሽን ትንሽ ዝም አሰኚልኝ። በየት በኩል እንደሚቆምላት ብቻ ጻፊ። እጅሽ ይባረክ። ከጎንሽ ሰው አይጥፋ።

እናትሽ