ከመሠራቱ ሦስት ወር ቀድሞ ስለተመረመረው የፖሊሽ ማሽን

ለክቡር የዕቃዎች ጥራት ምርመራ መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ለማቅረብ፣ እግረ መንገዴንም ጥቂት ለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠበቀ፣ እንቅልፍዎም እንደ ምርመራ ክፍልዎ ጸጥታ የሰፈነበት ይሁንልዎ እያልኩ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ በአንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ መኪና ፖሊሽ የማደርግ ባለሙያ ስሆን፣ የሰፈሩ ሰው «መስታወቱ» ብሎ ይጠራኛል፤ እኔ ያበራሁት ኮፈን ላይ ወፎች ኩሬ እየመሰላቸው ለመጠጣት ይወርዳሉ። ለእውነት ያህል፣ የወረደችው ወፍ አንዲት ብቻ ናት፤ የወረደችበትም ጉዳይ ውሃ መጠጣት አልነበረም። ቢሆንም ከዚያ ሁሉ መኪና መካከል የመረጠችው የእኔን ነው። ይህን ደብዳቤም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ገና ስድስት ወሬ ሲሆን፣ ከክፍሉ ሁሉ ረጅም ዓረፍተ ነገር የምጽፈው እኔ እንደሆንኩ አስተማሪያችን መስክረውልኛል፤ «የት እንደሚያቆሙ ግን አያውቁም» ማለታቸውን እዚህ መጥቀስ አስፈላጊ አልመሰለኝም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከሰባት ወር በፊት ለኪሴ የሚራራ የፖሊሽ ማሽን ገዛሁ። ከጎኑ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ሰማያዊ ክብ ምልክት ተለጥፎበታል። ሻጩ «ምርመራ ያለፈ ነው፤ እንቅልፍህን ተኝተህ ሥራበት» ስላለኝ፣ ፊደል የማልለይ ሰው በመሆኔ ክቡን በጣቴ ዳሰስኩና አመንኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሞኙ እኔ፣ ወረቀቱ የእርስዎ ሆነን ተያይዘን ቀረን። ስለሚከተሉትም ከልብ አመሰግንዎታለሁ።

፩ኛ. አንድ ጡረታ የወጡ ባለታክሲ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ሠላሳ ዓመት የነዷትን መኪና አደራ ብለው አመጡልኝ። ማሽኑ ከአንድ እስከ ስድስት የተጻፈበት የፍጥነት መምረጫ ስላለው በሁለት ላይ አደረግሁት፤ ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ እንደሚያዘውም በየአምስት ደቂቃው አሥር አሥር ደቂቃ እያሳረፍኩ ሠራሁ። ይሁን እንጂ ማሽኑ ከእኔ ጋር ሳይመካከር ከሁለት ተነሥቶ ስድስት ገባ፤ ማጥፊያውን ብጫነው ጨርሶ አልሰማኝም። ሮጬ ሶኬቱን ከግድግዳው እስክነቅል ድረስ የበሩ ቀለም ተልጦ ላሜራው ፈጠጠ፤ ማሽኑም ጢሶ ተቃጠለ። ጋሼ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ያሉት ነገር ቢኖር «ልጄ፣ ይህን በር ሠላሳ ዓመት በመዳፌ ገፋ አድርጌ ነው የምዘጋው» ብቻ ነው። የጋራዡ ባለቤት ደግሞ «ጥፋቱ የእጅህ ይሁን የማሽኑ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀት እስክታመጣ ድረስ ፖሊሽ አትነካም» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ መስታወቱ የተባልኩት ሰው ጎማ አጥባለሁ። በዚህ ወር መጨረሻም በቦታዬ ሌላ ባለሙያ እንደሚገባ በግቢው ተወርቷል።

፪ኛ. የዚያው ማሽን ወንድም የሆነ፣ ያንኑ ክብ የለጠፈ የግድግዳ መብሻ ትራፓኖ ለቤቴ ገዝቼ ነበር። ባለቤቴ መደርደሪያ እንድሰቅልላት ስትለምነኝ ከርማ ስለነበር፣ እጅጌዬን ሰብስቤ በኩራት ግድግዳው ፊት ቆምኩ። ትራፓኖው ሩብ ሰዓት ሙሉ ጮኾ ግድግዳውን አሞቀልን። ባለቤቴም «ልትበሳው ነው ወይስ ልትለምነው?» ብላ መዶሻና ሚስማር አንሥታ በሁለት ምት ጨረሰችው። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይኸው ነው። ዛሬ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ትራፓኖው ራሱ ሲሆን፣ ዕድሜ ለእርስዎ፣ ለቤታችን ጌጥ አግኝተናል።

፫ኛ. የተቃጠለውን ማሽን ይዤ ሻጩ ዘንድ ስሄድ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ምልክቱ ላይ የተጻፈውን አንብብ!» አለኝ። እንደማልችል ያውቃል። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁና በዚያው ሳምንት የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። እነሆ አነበብኩት። ክቡ ላይ «ተመርምሮ አልፏል፣ ስድስተኛ ወር» ይላል፤ የማሽኑ ሆድ ላይ ደግሞ «የተመረተው፣ ዘጠነኛ ወር» የሚል ታትሟል፤ ዓመቱ አንድ ነው። ቁጥር ወደ ኋላ የሚቆጠርበት ትምህርት አምልጦኝ እንደሆነ ብዬ አስተማሪያችንን ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም በጣታቸው ቆጥረው እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ያልተወለደ ልጅ ስም ሲወጣለት ሰምቻለሁ፤ ጥርሱ ተቆጥሮ «ጤነኛ ነው» ሲባል ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

፬ኛ. ነገሩን ለማጣራት መሥሪያ ቤትዎ ድረስ መጣሁ። እኔ ጠርጣራ ሰው አይደለሁም፤ ይሁንና «የምርመራ ክፍል» የሚለውን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ዓይኔ ወደ ቁልፉ ወረደ። ቁልፉ ላይ የተኛው አቧራ ስም የሚጻፍበት ስለነበር፣ ልምምድ ይሆነኛል ብዬ ስሜን ጽፌበታለሁ፤ ሳይጠረግ ቆይቶ ከሆነ አሁንም ያገኙታል። የጎረቤቱን ክፍል በር ገርበብ አድርጎ የያዘው ደግሞ እንደ እኔው ያለ የፖሊሽ ማሽን ነበር፤ ከነካርቶኑ፣ እሽጉ እንኳ ሳይፈታ። አንድ ትሑት ሠራተኛዎ «የምንመረምረው አስመጪው ያመጣውን ነው እንጂ ተጠቃሚ የተሸከመውን አይደለም» ብሎ በፈገግታ ሸኘኝ። ለፈገግታው አመሰግናለሁ፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሲሠራ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ አንድ መርማሪ ወደ ጋራዣችን ልከው፣ የእኔን ዓይነት ማሽን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ በሁለት ላይ አድርጎ፣ ጋሼና የጋራዡ ባለቤት ባሉበት አምስት ደቂቃ ብቻ ያስነሣው። መኪና የሚያበድር ከጠፋ የእርስዎን ይዘው ይምጡ፤ አሳምሬ አጥብልዎታለሁ።

የሰማያዊው ክብ አማኝ የነበርኩ፣ አሁን አንባቢው የሆንኩ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ
መስታወቱ (ለጊዜው ጎማ አጣቢ)

ግልባጭ፦
ለጋራዡ ባለቤት
ለጋሼ
ለሻጩ (ራሱ ያንብበው)

ከፊርማዬ በኋላ፦ አስተማሪያችን ይህን ደብዳቤ ሲያርሙ አንደኛው ቁጥር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ትክ ብለው ስላዩኝ፣ አንድ ነገር ማቅናት ግድ ሆነብኝ። ማሽኑን በየአምስት ደቂቃው አሳርፌዋለሁ ያልኩት ፈጠራ ነው። መመሪያውን አራት ቦታ አጥፌ ከሚወላገደው ጠረጴዛዬ እግር ሥር ሸጉጬው ነበር፤ አውጥቼ ያነበብኩት ባለፈው ሳምንት ነው። የጋሼን በር አርባ ደቂቃ ያለ ዕረፍት ሠርቼበታለሁ። ስለዚህ ከጥፋቱ ድርሻዬን ወስጃለሁ፤ የጋራዡ ባለቤትም ይህን አንብቦ የመሰለውን ይፍረድ። ክቡርነትዎ አስተውለው አንብበው ከሆነ፣ ፊደል የማይለይ ሰው የትኛውን መመሪያ አክብሮ ሠራ ብለው ቀድመው ነቅተውብኛል፤ ካልነቁብኝ ግን ደብዳቤዬንም ማሽኑን በመረመሩበት ዓይን መርምረውታል። እኔ ሳላነብ የሠራሁት ማንበብ ስለማልችል ነበር። ሰማያዊውን ክብ የሚለጥፉት ሰውም ችግራቸው ይኸው ከሆነ አይፈሩ፤ የማታ ትምህርቱ ምዝገባ እስከ ዓርብ ክፍት ነው፣ አጠገቤም ወንበር አለ።